ወደ ስማዳ ያደረስኩት መርዶ

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም መቼም የማያይ ሰው ይህን ሲያነብ፣ አገሩን ልጎበኝ ብዬ እንዳልሄድኩ አስቀድሞ ይወቅልኝ። የሄድኩት የሰው ልጅ መሞቱን ለወለዱት ልነግር ነው። ያሳደሩኝን፣ ያበሉኝን፣ ከወደቅኩበት ያነሱኝን ሰዎች ነገር ሳልጽፍ ብቀር ግን የበላሁት ያንቀኛል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

የሞተው ይርጋ ተገኘ ይባላል። አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበር። ሥራችን ለሰሚው ሁሉ እንግዳ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመን መኪኖች ከየት መጥተው ወዴት እንደሚታጠፉ እንቆጥራለን። ከዚያ ቢሮ እንገባና በትልቅ ጣውላ ላይ መንገዱን በጠመኔ ሥለን፣ የእንጨት ቁርጥራጮችን እንደ መኪና እየገፋን፣ የት ላይ እንደሚተፋፈጉ እናያለን። መኪና በቀኝ መስመር እንዲሄድ ከታዘዘ ወዲህ ያስቸገረን ወደ ግራ የሚታጠፈው ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሹፌር ከፊት ለፊቱ የሚመጡትን ማቋረጥ አለበት። ክፍተት እስኪያገኝ ይቆማል፤ ከኋላው ያሉት ጥሩምባ ይነፉበታል፤ ይቸኩላል።

ለዚህ መላ ያመጣው ይርጋ ነው። ወደ ግራ መሄድ የፈለገ መኪና መስቀለኛው ላይ አይታጠፍ፤ ቀጥ ብሎ ይለፍ፤ ወረድ ብሎ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይዙርና ሲመለስ ወደ ቀኝ ይታጠፍ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ግን መሐል ላይ ማንም በማንም ፊት አያቋርጥም። ጣውላው ላይ ደጋግመን ሞከርነው፤ ሠራ። አለቆቻችን ሳቁ። “ግራ የፈለገን ሰው ቀጥ በል ብትለው ማን ይሰማሃል?” አሉት። ሆኖም ጥቂት ቀን እንድንቆጥር ፈቀዱልን። ይርጋ እዚያ ቆጠራ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ጭነት መኪና ገጨው። እኔ ከማዶው ጥግ ነበርኩ።

እዚያው አዲስ አበባ ቀበርነው። መርዶ በደብዳቤ አይላክም። የአገሩን ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግኩ፣ አባይን ተሻግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ልብስ እንደሚፈልግ ግን አውቃለሁና የይርጋን ልብስ ቋጥሬ በታኅሣሥ ተነሣሁ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

አውቶቡሱ የአባይን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ጋለና ሹፌሩ አቁሞ አስወረደን። ከጎኔ የነበሩ አንዲት የደብረ ማርቆስ ሴት ከመቀነታቸው ቆሎ ፈተው እያቃመሱኝ ቋጠሮውን አዩት።

“ምንድን ነው የያዝከው?”

“ልብስ ነው።”

“ለማን?”

“ለአንድ ወዳጄ እናት።”

“ተባረክ። የልጅ ወዳጅ እንዲህ ነው” አሉኝ። ቆሎው አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ሆነ።

ባሕር ዳር ዘንባባውና ሐይቁ ያማረ ነው ይላሉ። አየሁት፤ ምንም አላለኝም። ከወረታ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና ላይ፣ ከከረጢት በላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ዝናብ በሌለበት ወራት ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ነው። መኪናው ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር እጄ ሳላስበው የከረጢቱን ጆሮ ይጨብጥ ነበር።

ሐሙስ

ደብረ ታቦር ሲነጋ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ጉለሌም ይበርዳል፤ የጉለሌ ብርድ ግን እሳት ሲያይ ይሸሻል። የጉና ተራራ ብርድ እሳቱ አጠገብ አብሮ ይቀመጣል።

ከዚህ ወዲያ መኪና የለም። ይማም የሚባሉ፣ ንፋስ መውጫ የሚኖሩ እስላም ነጋዴ ጨውና አቡጀዲ በአህያ ጭነው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሰናዱ አገኘኋቸው። በቅሎ አከራዩኝና አብረን ወጣን። በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ከጉና ግርጌ አንድ ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ ልትጠጣ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ እኔም በአንገቷ ተንሸራትቼ ውኃ ውስጥ ገባሁ፤ ቋጠሮውም ከእኔ ጋር። አቶ ይማም እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጎተቱኝ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቋጠሮውን አቅፌ እንዴት እንደተንቀጠቀጥኩ ሲያዩ ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

ክምር ድንጋይ ከምትባል ከተማ አጠገብ መሸብን። “የመሸብን መንገደኞች ነን!” ብለው አቶ ይማም ከአጥሩ ውጭ ተጣሩ። “ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ” የሚል የሴት ድምፅ መለሰ። ባሏ ጤፍ ሊገዛ ቆላ ወርዷል። እኛ አገር ባሏ የሌለ ሴት ለማታውቀው ወንድ በር አትከፍትም። እሷ እግራችንን አጥባ፣ የጾም ነውና ሽሮ አቅርባ፣ ጠላ ቀድታ፣ መደቡን ለእኛ ለቃ ከልጆቿ ጋር ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በፊት ግን ቋጠሮውን ከእጄ ተቀብላ ፈታችው። “ይሸታል፣ ሳይደርቅ አያድርም” አለች። ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እሳቱ ዙሪያ ዘረጋቻቸው። የኮቱ ክርን እንደሳሳ፣ የሸሚዙ አንገት በላብ እንደወየበ አየች። አዲስ ልብስ እንዳልሆነ፣ የእኔም ልክ እንዳልሆነ አየች። ምንም አልጠየቀችኝም።

ጠዋት ደርቆ፣ ታጥፎ፣ በራሷ ነጠላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። በሩ ላይ ዳቦ እየሰጠችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እናቲቱን እግዜር ያጥናት” አለችኝ። ነጠላውን ልመልስላት ስል እጄን ገፋችው። ለዚች ሴት የመለስኩላት ነገር የለም፤ ስሟንም ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት።

ዓርብ

ንፋስ መውጫ ስሙን በከንቱ አላገኘም። ከተማው የተቀመጠው ነፋስ ከሁለት ወገን በሚገናኝበት ከፍታ ላይ ነው። አቶ ይማም ቤት አደርኩ። ከእነሱ እርድ እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ጾምም ነው፤ ቢሆንም ልቤ እንዳይጠራጠር ብለው ከክርስቲያን ጎረቤታቸው እንጀራና የምስር ወጥ አስመጡልኝ። እሳቸው ከራሳቸው ትሪ፣ እኔ ከጎረቤት ትሪ፣ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠን በላን።

ከእራት በኋላ እውነቱን ነገርኳቸው።

“ጠርጥሬ ነበር” አሉኝ። “አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ አገር ‘ሞተ’ ካልክ ‘ምን ገደለው’ ይባላል። መልስህ ‘በሽታ’ ከሆነ ይለቀሳል፣ ያበቃል። በሽታ ካልሆነ ግን ‘ማን ገደለው’ ይመጣል። ልጁ ወንድም አለው?”

“ታላቅ ወንድም አለው፤ ሞላ የሚባል።”

“እንግዲያው መልስህን ይዘህ ግባ። የዚያን ሹፌር ስም ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“ምነው ባላወቅህ” አሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ ጣሪያውን ሲጎትት ሰማሁ። እኔ የያዝኩት መልስ ጣውላ ላይ የሚሠራ መልስ ነው። ሹፌሩ እንደ ሕጉ ነው የታጠፈው። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ይርጋን ጋርዶት ነበር። ይርጋ የቆመው ደግሞ መቆም በሚገባው ቦታ ነው። ማንም አላጠፋም፤ ሰው ግን ሞተ። ይህን ለማን እነግራለሁ?

ቅዳሜና እሑድ

አቶ ይማም ወደ ታች ጋይንት ገበያ ስለሚወርዱ እስከ ቤተ ልሔም መንገድ ሸኙኝ። ስንለያይ የበቅሎዋን ኪራይ አልቀበልም አሉ። “ስትመለስ በእስቴ ከሆነ ደብረ ታቦር ላለው ዘመዴ አስረክባት” ብለው ሄዱ።

ቤተ ልሔም የሊቃውንት ደብር ነው። በዙሪያው የተማሪ ጎጆዎች እንደ ድርቆሽ ክምር ተበታትነዋል። ይርጋ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ዜማ የተማረው እዚህ ነበር። መምህሩ የኔታ አሁንም አሉ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ጎጆአቸው ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ነገርኳቸው። የሞተ ለት ያለቀስኩት እንባ እዚያ እንደገና መጣ። እሳቸው አላለቀሱም።

“ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን አይስትም” አሉ። ከዚያም፣ “መንገድ ገደለው ነው የምትለኝ?”

“አዎ፣ የኔታ።”

“መንገድ የሚገድለው ሽፍታ ሲኖርበት ነበር በእኛ ጊዜ። እንግዲህ ሽፍታ የሌለበት መንገድም ይገድላል በለኛ።”

እሑድ በቅዳሴው በክርስትና ስሙ ጸለዩለት። ስወጣ እጄን ይዘው፣ “በቀን እንዳትገባባቸው። ከነፍስ አባታቸው ከቄስ ላቀ ቤት እደር። ሲነጋጋ እሱ ይንገር፤ አንተ አጠገቡ ቁም” አሉኝ። ዘመኑ ስንት ነገር ለወጠ ስንል፣ አዲስ አበባ እንኳ መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ሰው ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ሥራው ይበተናል፤ እዚህ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የለም።

ሰኞ

ወደ ስማዳ ከተማ ወደ ወገዳ የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ገደሉን እየጠመዘዘ ይወርዳል። በቅሎዋ እምቢ ብላ ቆመች። ጎተትኩ፣ ለመንኩ፤ አልሆነም። ከታች ጠብመንጃ ያነገተ፣ ጎልማሳ፣ ረጅም ሰው ወጣ። ሳይጠየቅ ልጓሟን ተቀበለኝና በጆሮዋ አንድ ነገር ብሎ አሻገራት። ከገደሉ በታች እስካለው መስክ ድረስ አብሮኝ ተመለሰ።

“ከወዴት ነህ?”

“ከአዲስ አበባ።”

ፊቱ በራ። “ወንድሜኮ እዚያ ነው! ይርጋ ተገኘ ይባላል፤ የመንግሥት ሥራ ነው ያለው። ታውቀው ይሆን?”

አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ ከዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። ቋጠሮው በኮርቻው ላይ፣ በመካከላችን ነበር።

“ከተማው ሰፊ ነው” አልኩት።

“ነው አሉ። ብታገኘው፣ እናትህ ለገና ትጠብቅሃለች በለው። ሞላ ነው ያለህ በለው።” ሳቀና ወደ ላይ መንገዱን ቀጠለ። መስኩ ላይ ተቀመጥኩ። በቅሎዋ ሣር ጋጠች።

ማታ ቄስ ላቀ ቤት ገባሁ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው መስቀላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሚስታቸው እንጀራ አቀረቡ፤ ማናችንም አልነካነውም።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ቄስ ላቀ የጎረቤት ሽማግሌዎችን ቀሰቀሱ። ተሰብስበን ወደ ይርጋ አባት፣ ወደ አያ ተገኘ ደጅ ሄድን። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ያየ ገበሬ ምን እንደመጣ ያውቃል። አያ ተገኘ በሩን ከፍተው አዩን፤ አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ የከተማ ጫማዬንና በነጠላ የተጠቀለለውን ቋጠሮ አዩና “ይርጋዬ ነው?” አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳየሁት መጻፍ አልችልም። እናቱ እሜቴ ጥሩ መሬት ላይ ወደቁ፤ ሴቶች ያዟቸው። ከየመንደሩ ሰው እየጮኸ መጣ። ልብሱን ደጃፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ኮቱን ከላይ፣ ሱሪውን ከታች አድርገው ሰው የተኛ አስመሰሉት። ያ እሳት ያደረቀው ኮት ላይ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። ጎረቤት ንፍሮ አመጣ። በአዲስ አበባ ለቅሶ ሰው ወንበር ይፈልጋል፤ እዚህ ሁሉም አፈሩ ላይ ነው።

ሞላ ከገበያ ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ሲያየኝ ቆመ። የትናንቱን አስታወሰ። አልፎኝ ወደ ልብሱ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቱ ወደ ማታ አስጠሩኝ። ድምፃቸው አልቋል።

“ሲወድቅ ማን አነሣው?”

“እኔ።”

“ምን አለህ?”

“ምንም አላለም፣ እማማ።”

“ውኃ እንኳ አላለም?”

“አላለም።”

ረቡዕ

አያ ተገኘ ወደ አውድማ ወሰዱኝ። ገብሱ ተከምሮ ሳይወቃ ቆሟል። ሞላና ቄስ ላቀም መጡ።

“አሳየኝ” አሉኝ አያ ተገኘ። “በዚህ አገር መኪና የለም። ልጄ በምን እንደሞተ ሳላውቅ አልቀመጥም።”

አውድማው በእበት የተለቀለቀ፣ እንደ ጣውላችን የለሰለሰ ነው። በእንጨት ጫፍ ሁለት መንገድ አቋርጬ ጫርኩ። ባቄላ ለመኪና፣ አንድ ሽንብራ ለይርጋ አስቀመጥኩ። ባቄላዎቹን በቀኝ በቀኝ እየነዳሁ እንዴት እንደሚተላለፉ አሳየሁ። ከዚያ አንዱን ባቄላ ወደ ግራ ላዞር መሐል ላይ አቆምኩት፤ ከፊት የሚመጡትን አሳለፍኩ፤ ከኋላው የተሰለፉትን አሳየሁ። ትልቅ ድንጋይ ለአውቶቡሱ አስቀመጥኩ። ድንጋዩ ሽንብራዋን ከባቄላው ዓይን ጋረዳት። ክፍተት ተገኘ፤ ባቄላው ታጠፈ።

አያ ተገኘ ተንበርክከው ዓይናቸውን ከመሬት ጋር አስተካክለው ከባቄላው ጀርባ አዩ። “እውነት ነው፣ አይታይም” አሉ።

“ይርጋ ይህን ሊያስቀር ነበር የሚለፋው” አልኩና የእሱን መንገድ አሳየሁ። ባቄላው ቀጥ ብሎ አለፈ፤ ወረድ ብሎ ዞረ፤ ተመልሶ በቀኝ ገባ። ሽንብራዋ አልተነካችም። ያን ጊዜ አባትየው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ይህን ባላሳየሁ ብዬ ተመኘሁ። መዳን ይቻል እንደነበረ ማየት ለእሳቸው ሌላ ሞት ሆነባቸው።

ሞላ እስካሁን አልተቀመጠም። በእግሩ ጣት ወደ ባቄላው ጠቆመ።

“ይህ ውስጥ ሰው አለ?”

“አለ።”

“ስሙ ማን ነው?”

“ሞላ፣ ሕጉ አይቶት ጥፋት የለብህም ብሎታል።”

“ሕጉን አልጠየቅሁህም። ከትናንት ወዲያ ዋሸኸኝ፤ ዛሬ ደግሞ ባቄላ ታሳየኛለህ። ስሙን ስጠኝ።”

“አልሰጥህም” አልኩ። “እሱም ሚስትና ልጆች አሉት።”

ሞላ ባቄላውን በተረከዙ ረገጠው። አውድማው ጠንካራ ስለነበረ ባቄላው ተፈናጥሮ ሄደ እንጂ አልደቀቀም። ሄዶ ሲፈልገው፣ አንስቶም በመዳፉ ሲያየው አየሁት።

ሐሙስ

ቄስ ላቀ ሽማግሌዎችን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሰበሰቡ። በአገሩ ወግ ደም የሚደርቀው ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በሟች ዘመዶች ፊት ሲወድቅና እነሱም “ይቅር ለእግዜር” ብለው ድንጋዩን ሲያወርዱለት ነው። ገዳዩ እዚህ የለም።

“ከዚያው አገር የመጣኸው አንተ ነህ” አሉኝ አንድ ሽማግሌ። “ስለ እሱ ብትሸከም ምናልባት ይበርድ ይሆናል።”

ተሸከምኩ። ድንጋዩ ከጠበቅሁት ይከብድ ነበር፤ የጠዋቱ ብርድ አልለቀቀውም። አያ ተገኘና ሞላ ከቆሙበት ፊት በጉልበቴ ሄድኩ። “ይቅር በሉ” አልኩ።

አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱ። ይቅርታውን ይናገራሉ ብለው ሽማግሌዎቹ ጠበቁ።

“ልጄ፣ አንተ ምን አደረግኸኝና ነው ይቅር የምልህ?” አሉኝ። “የልጄን ልብስ በጀርባህ አምጥተህልኛል። ያ ሹፌርም አላየሁም፣ አላወቅሁም አለ። ይቅር ልበል ብል ማንን ልበል? ጠላት ሆኖ የገደለው ቢኖር፣ ወይ እገድለው ነበር ወይ እምረው ነበር። አሁን ምን ላድርግ? እናንተ ታላላቆቼ ንገሩኝ እንጂ!”

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሞላ ጠብመንጃውን አንግቶ ከደጀ ሰላሙ ወጣ። ቄስ ላቀ ፍትሐት ጀመሩ፤ ጸሎቱ አልቆም ሰው አልተበተነም። ምን እንደቀረ የሚያውቅ አልነበረም፤ የቀረ ነገር እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ

ልሰናበት ስወጣ በቅሎዋ ተጭና ሞላ ልጓሟን ይዞ አገኘሁት። “እሸኝሃለሁ” አለ። እሜቴ ጥሩ በሶ በጥብጠው ኮዳዬን ሞሉልኝ። የልጃቸውን መርዶ በሰሙ በአራተኛው ቀን ለመርዶ ነጋሪው ስንቅ ያሰናዳችን እናት ምን ብዬ ላመስግን? እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ወደ እስቴ ሁለት ቀን ከሞላ ኋላ ሄድኩ። እርሻው ያማረ ነው፤ ስንዴው ታጭዷል፤ ሽንብራው አረንጓዴ ነው። ጠብመንጃው በትከሻው ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ፣ ይህ ሰው ከደብረ ታቦር ጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ እንደሚገባ፣ ጠይቆ ጠይቆም ሰውዬውን እንደሚያገኘው ይታየኝ ነበር። ሳያየኝ ልጠፋ አሰብኩ። ወዴት? መንገዱን የማውቀው በእሱ ነው።

ቅዳሜ በእስቴ ከተማ፣ በመካነ ኢየሱስ አደርን። ያሳደሩን ሰው ሞላ ሐዘን ላይ መሆኑን ከፊቱ አውቀው አልጋቸውን ለቀቁለት። አልጋው ላይ አልወጣም፤ መሬት ላይ፣ እኔ አጠገብ ተኛ። በብርዱ ጋቢውን ግማሹን ወረወረልኝ።

እሑድ

ደብረ ታቦር ስንገባ ጭነት መኪኖች ከወረታ እየመጡ ወደ ገበያው ይታጠፉ ነበር። አህያና ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አንዱ መኪና ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ሞላ ልጓሙን ለቀቀና ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጮህኩ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ላብ እያጠመቀው፣ “ወንድሜ፣ ምን በደልኩህ?” አለ። አልተሳደበም።

ሞላ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ጠብመንጃው ከትከሻው አልወረደም። ከዚያ ዳር ያዘና በእጁ “እለፍ” አለው።

እኔ አንድ ግንብ ተደግፌ ትንፋሼን ስፈልግ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“ይህ አየኝ” አለ። “ያ ግን አላየውም።”

“አላየውም።”

“ከወደቀ በኋላስ?”

“ፊቱን ሸፍነነው ነበር።”

“እንግዲያው የገደለውን ሰው መልክ አያውቀውም።”

“አያውቀውም።”

ሞላ መሬት ላይ ተቀመጠ። መርዶው ከተነገረ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው እየዞረ አየን። ሲጨርስ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

“ስሙን አልጠይቅህም” አለኝ። “አንተ ሂድና መልኩን ንገረው። ጠይም ነበር በለው። ጥርሱ ፍንጭት፤ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ በልጅነቱ በሬ የወጋው። ቁመቱ ከእኔ ያንሳል፤ ሲሄድ ግን ይቀድመኝ ነበር። እንዲህ በለው። አንድም እንዳታስቀር።”

በቅሎዋን ለአቶ ይማም ዘመድ አስረከብን። ተቃቅፈን ተለያየን። ወደ ስማዳ መንገድ ሲመለስ ጀርባውን አየሁ፤ የተሻለው ሰው ጀርባ አልነበረም።

አዲስ አበባ

መሥሪያ ቤት ስገባ ጣውላችን ታጥቦ የአንድ ድልድይ ሥዕል ተሥሎበት ነበር። መስቀለኛው እንደነበረ ይቀጥላል ተብሏል።

የሹፌሩን ቤት አውቀው ነበር። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ “ሥራ ትቷል፤ ከቤት አይወጣም፤ ሰውም አያናግርም” አለችኝ።

“አያናግረኝ። አንድ ነገር ልናገርና እሄዳለሁ” አልኳት።

ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ወደ ውስጥ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሞላ ያለኝን ተናገርኩ። ጠይምነቱን፣ ፍንጭቱን፣ ሳቁን በእጁ መሸፈኑን፣ የቅንድቡን ጠባሳ፣ አረማመዱን። ሴትዮዋ በሩን እንደያዘች እንባዋ ወረደ። ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ጨርሼ ዞር ስል፣ ከጨለማው ክፍል ብዙ ቀን ያልተናገረ ሰው ድምፅ መጣ።

“ከመጀመሪያው ድገመው” አለ።

ደገምኩለት።